ለአንድ ጩኸት ሦስት ሽማግሌ

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበበ ሰው ብዙ አላመለጠውም። ልደትና ዶክተር ናኦድ ይዋደዳሉ፤ ይኼንንም ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም ብለው ያምናሉ፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር ያውቃል። ታሪኩ እስካሁን ይኸው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተበላሽቷል፤ ያበላሸውም የሰው ምቀኝነት ሳይሆን የራሱ የዶክተሩ አፍ ነው።

ናኦድ ካዛንቺስ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። አባቱም ስማቸው የታወቀ ሐኪም ነበሩ። እናቱ ደግሞ ልጃቸው ነርስ ወዷል የሚል ጭምጭምታ የደረሳቸው ዕለት «ነርስ?» የምትል አንድ ቃል ብቻ ተናግረው ሻያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። ልደት የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ናት፤ ሐኪሙ ሲቀድ ከጎኑ ቆማ መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ናት። ያደገችው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ግድግዳው ከጎረቤት ግድግዳ በተጣበቀ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ አቶ ቀለመወርቅ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

አርብ አርብ ከሥራ በኋላ ባምቢስ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ፎቅ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ የሚቀመጠው ናኦድ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አስተናጋጇ ያላዘዘውን ብታመጣለት «ችግር የለም፣ ይኼንንም እወዳለሁ» ብሎ ይጠጣል። ልደትን «እባክሽ ዶክተር አትበይኝ» ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗታል፤ አፏ ግን እሺ አይላትም። ላግባሽ ያላትም እዚያው ነው። «ላስብበት» አለችው። እሱ ስለ እናቱ የምታስብ መስሎት ነበር። እሷ የምታስበው ግን ስለ ሌላኛው ናኦድ ነበር።

ሌላኛው ናኦድ የሚኖረው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ሚጥሚጣ ይሉታል። መቀስ ቢዘገይ ይጮኻል፣ መብራት ቢዞር ይጮኻል፣ ሰው ቢያስነጥስም ይጮኻል። ልደት ደግሞ በጩኸት ጉዳይ የቆየች ናት። ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ አባቷ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የግቢውን የቆርቆሮ በር የሚከፍቱበትን ድምፅ ሰምታ የዕለቱን ሁኔታ ማወቅ ተምራለች። በሩ ከተንጓጓ እናቷ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ልጆቹ ደብተር ያወጣሉ፣ ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። ናኦድም እጁን ታጥቦ በሩን በጀርባው ገፍቶ ሲገባ ልደት ካገፋፉ ታውቀዋለች። የምትወደው ሰው በአባቷ ድምፅ መጮኹ ነው እንቅልፍ የነሳት።

የዛሬ ወር ገደማ፣ የአንዲት ሴትዮ ሆድ ተከፍቶ ሳለ፣ ልደት ያቀበለችው መቆንጠጫ አልይዝ አለ። መሣሪያው አርጅቷል፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ናኦድ ወለሉ ላይ ወረወረውና «ከየት ነው የሚሰበስቧችሁ! ሥራ የማይችል ሰው እዚህ ምን ያደርጋል!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና እንደተናደደ፣ መብራቱን ለማዞር ሲንጠራራ ጓንቱ የመብራቱን ንጹሕ ያልሆነ ጠርዝ ነካ። ልደት አይታለች። እንዲህ ሲሆን «ጓንትዎን ይቀይሩ» ማለት ያየው ሰው ሁሉ ግዴታ ነው፤ አለቃና ምንዝር የለውም። አፏን ከፈተች። የቆርቆሮው በር ጆሮዋ ላይ ተንጓጓ። መልሳ ዘጋችው።

ሴትየዋ ቁስሏ አመርቅዞ፣ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች። ብዙ ተሠቃይታ ነው የዳነችው። ሆስፒታሉ ምን እንደተፈጠረ ለማጣራት ሠራተኛውን ሲሰበስብ ልደት ተነሥታ «አይቼ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ» አለች። ማንን እንደፈራች የጠየቃት የለም። ሁሉም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ልደት ራሷ ጠይቃ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተዛወረች። ናኦድና እሱን የመሰሉ ግልፍተኛ ሐኪሞች ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ስለ ቁጣ እንዲሠለጥኑ ታዘዙ። የአርቡ ቀጠሮም ማንም ሳይሰርዘው ቀረ። እሱ በበቀል አሳጣችኝ ብሎ አኩርፏል። እሷም ማኩረፉን አይታ፣ በሽተኛዋ አላሳዘነችውም ማለት ነው ብላ ልቧ ተሰብሯል። ስልክ በሁለቱም እጅ ነበር፤ የደወለ ግን የለም።

*

አሠልጣኟ ራሕዋ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ሆን ብላ ሳይሆን አይቀርም አለች ልደት በልቧ። በዚያ ረቡዕ ነርሶቹም እንዲገኙ ተጠርተው ነበር። ሐኪሞቹ ወላጅ አምጣ እንደተባሉ ተማሪዎች ተደርድረዋል።

«ማለቴ፣ እኛ ካልተቆጣን እኮ ሰው ይሞታል» አለ አንዱ።

«ስትቆጡስ?» አለች ራሕዋ።

 መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«መቆጣት ነውር አይደለም። እኔም እቆጣለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብታዩኝ ታፍሩብኛላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ፣ ቁጣው ሲመጣ መጀመሪያ የት ይሰማችኋል? ከአፋችሁ በፊት ማለቴ ነው።»

አንዱ ደረቴ አለ፣ አንዱ መንጋጭላዬ አለ። ናኦድ ቆይቶ «ጆሮዬ ይግላል» አለ። ልደት ይኼን ታውቀው ነበር። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ጆሮው ቀላ ሲል መሣሪያ የምታቀብልበት እጇ ይፈጥናል።

«እንግዲያው ጆሮዎ የግል ደወልዎ ነው» አለች ራሕዋ። «ሲግል፣ ሁለት እጅዎን በሽተኛውን የሸፈነው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ያሳርፉ። አንድ ጊዜ ይተንፍሱ። ከዚያ የሚፈልጉትን ነገር በስሙ ይጠይቁ። የሰው ስም ሳይሆን የነገሩን ስም።»

«በቃ? ይኸው ነው?» ብሎ ሳቀ ያ የመጀመሪያው ሐኪም።

«በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል ከሆነ ነገ ይሞክሩትና ይንገሩኝ።»

ቀጥላ፣ እያንዳንዱ ሐኪም ያስቀየመውን ሰው እዚያው ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዘች። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ «ግን» የምትባል ቃል እንዳትገባ። ናኦድ ተራው ደርሶ ተነሣ። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ከልደት ሲያሸሽ ቆይቶ አሁን አያት። የአርቡ ዓይን ነበር። ልደት ይቅር ልትለው ምንም አልቀራትም።

«ሲስተር ልደት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን መሣሪያው…»

«እንደገና» አለች ራሕዋ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን በእኔ በኩልም…»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ናኦድ ሦስተኛ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም፤ ተቀመጠ። ልደት ሳቁ እሱ ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እሷ ላይ የተሳቀ ያህል ፊቷ ጋለ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ለእኔ ብትነግሪኝስ ኖሮ?» አለ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን አፍኖ። «ለብቻችን፣ ባምቢስ ቁጭ ብለን። እሰማሽ አልነበር? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከምታሳጪኝ?»

«ባምቢስ የማገኘው ሰውዬ ይሰማኛል» አለች ልደት። «ሲያስፈልግም አስተናጋጇን ይሰማታል። ጠርዙን የነካው ጓንት ግን የእሱ አልነበረም። ያኛውን ማን ይናገረዋል?»

«አንድ ሰው እኮ ነኝ፣ ልደት።»

«እኔም የምፈራው ይኼንኑ ነው።»

ይኼን ብላ ሄደች። ካዛንቺስን አቋርጣ፣ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ስትሄድ ታክሲ መያዝ እንኳ ረሳች። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን ምንም አላጽናናትም።

*

ያገራችን ሰው የገዛ አፉ አልታዘዝ ሲለው የሰው አፍ ይልካል። ናኦድም እንደዚያው አደረገ። በአባቱ ወዳጅ፣ ባምቢስ አጠገብ መድኃኒት ቤት ባላቸው በሐጂ ዓብዱልፈታሕ ቤት ተገኝቶ «አጥፍቻለሁ፣ ለምኑልኝ» አለ። ሐጂም ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ጡረታ የወጡትን አቶ ሃድጉን ጨመሩ፤ አቶ ሃድጉ ደግሞ የሚያውቋቸውን አንድ ቄስ ጨመሩ። ሦስት ሆኑ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ቂርቆስ አቶ ቀለመወርቅ በር ላይ ቆሙ።

እንግዲህ ፍረዱ። ያልዳረ የሴት ልጅ አባት፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው ሲያይ ምን ያስባል? ከልደት እናት ከወይዘሮ ሀብትነሽ ደግሞ ስለ አንድ ዶክተር ትንሽ ትንሽ ሰምተዋል። አቶ ቀለመወርቅ ኮታቸውን በጥድፊያ ደረቡ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ለስላሳ ሊያመጡ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። መጋረጃው አጠገብ የነበረችው ልደት ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ኮሪደር ላይ ተጣልተን፣ መልሴን ሳይሰማ፣ እንዴት ለጋብቻ ይልካል? ብትናደድም ግን ልቧ መዝለሉን አልተወም።

«ኖር! ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

«በእግዜር። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

«ተሰምቷል! ዶክተሩ አይደል የላካችሁ? ሰምቼዋለሁ። ልጄ የተማረች ናት፣ ጨዋ ናት። እኔም ለጨዋ ሰው እንቢ አልልም። ሠርጉን ብቻ ከፋሲካ በኋላ ብናደርገው…»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ሰው ማሳፈር የማይወዱ ስለሆኑ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አቶ ሃድጉ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የደም ውጤት ለባለቤቱ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀጥታ ገቡበት።

«ይቅር ይበሉንና፣ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው። ለዕርቅ ነው።»

«ዕርቅ? ከማን ጋር ተጣላን?»

«ዶክተር ናኦድ ሥራ ቦታ፣ በሰው ፊት፣ ልጅዎ ላይ ጮኾ ክብሯን ነክቷል። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ለምኑልኝ ብሎ ነው የላከን።»

የአቶ ቀለመወርቅ ፊት መጀመሪያ አፈረ። ልደት ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ኀፍረት እዚያ ፊት ላይ ብዙ አይቀመጥም። አባቷ ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ጮኸባት? በቃ፣ ጮኸባት? ለዚህ ነው ሦስት ትልልቅ ሰው በእሑድ የሚንገላታው? አለቃ ካልጮኸ ማን ይጮኻል? እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን ጮኼ፣ ማን ለማን ሽማግሌ ላከ?»

«ማንም አልላከም» አለ ከመጋረጃው ኋላ የመጣ ድምፅ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ የጠርሙስ መክፈቻውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። በሽማግሌ ፊት ሲናገሩ ልደት ሰምታቸው አታውቅም። በአባቷ ፊትም ብዙ አልሰማቻቸውም።

«ለእኔ ማንም ሽማግሌ አልላከልኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ልጅ ለአንድ ጩኸት ሦስት ሰው ላከ። አንተ ለስንቱ ትልክ ነበር? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። ይነቅዛል። እኔ ዝም ብዬ ብዬ ነቅዣለሁ።»

«ሀብትነሽ፣ በእንግዳ ፊት…»

«ልጄ በር ሲንጓጓ ትደነግጣለች። ትልቅ ሴት ናት፣ የሰው ነፍስ የሚያተርፍ ሥራ አላት፣ በር ሲንጓጓ ግን ትደነግጣለች። ይኼን ማን አስተማራት? ፈርታ ዝም ስላለች እኮ ነው ያቺ ምስኪን ሴትዮ የታመመችው። ዝም ማለትን የተማረችው ከእኔ ነው።»

ልደት እናቷ ይኼን እንደሚያውቁ አታውቅም ነበር። ደብቄዋለሁ ብላ ነበር የምታስበው። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። አቶ ቀለመወርቅ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጡረታ ምስክር ወረቀታቸው ዞረው ቆሙ። ሐጂ ዓብዱልፈታሕ ስንቱን ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

በመጨረሻ የተናገረችው ልደት ናት።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁኝ መጥታችኋል፤ እግዜር ያክብርልኝ። ግን እናንተ አልሰደባችሁኝም። የሰደበኝ ሰው አፍ አለው። የሰደበኝ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው፣ ያን ቀን የሰሙት እየሰሙ ይበለኝ። ማክሰኞ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ከጎኑ እቆማለሁ። እንደዚህ ብላለች በሉልኝ።»

«እናደርሳለን ልጄ» አሉ ሐጂ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እውነትሽን ነው።»

ሳይቀመጡ ሄዱ። ለስላሳውም ሳይከፈት ቀረ። ያን ከሰዓት በዚያ ቤት ድምፁን ከፍ ያደረገ አልነበረም። ልደት አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ናኦድን እንደምትወደው በደንብ አወቀች። ባትወደው ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይበቋት ነበር።

*

ማክሰኞ ጠዋት ናኦድ በሩን በጀርባው ገፍቶ ሲገባ ልደት እንደ ልማዷ አዳመጠች። ካገፋፉ ምንም ማወቅ አልቻለችም። ቀስ ብሎ ነው የገባው።

በሽተኛው ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ያለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው ቆሞ የበሽተኛው ስምና የሚሠራው ነገር ይነበባል። ተነበበ።  ወሬው ከቂርቆስ ካዛንቺስ ቀድሟቸው ደርሶ ስለነበር ሁሉም ወደ ዶክተሩ አየ። ሰመመን የምትሰጠው ሃያት፣ የልደት ጓደኛ፣ ዓይኗን ከማሽኑ አነሣች።

«እንጀምር» አለ ናኦድ።

ሌላ ምንም አላለም። ልደት መቁረጫውን አቀበለችው። እንግዲህ ይኸው ነው አለች በልቧ። ሽማግሌ መላክ ቀሎታል፤ እኔ ፊት መናገር ከብዶታል። አብሬው ብኖር የምኖረው ከዚህ ሰው ጋር ነበር።

ሥራው መሐል ላይ ደም አስቸገረ። ደም መምጠጫው ቱቦ ተዘጋ፤ አንዷ ልትቀይር ሮጠች፤ ዘገየች። ልደት ቀና ስትል የናኦድ ጆሮ ቀልቷል። በዚያችው ሰዓት የግራ እጁ ጓንት አመልካች ጣቱ ላይ መቀደዱን አየች። ትንሽ ናት። ካላዩ የማትታይ ናት። ባታያት በወደደች።

የቆርቆሮው በር ተንጓጓ። ሬዲዮው ዝቅ አለ። አፏ ሊዘጋ ሲል የእናቷ ድምፅ ትዝ አላት።

«ዶክተር» አለች።  «ጓንትዎ ተቀዷል። የግራው፣ አመልካች ጣት።»

ሁሉም ሰው ጫማውን ሊያይ ተዘጋጀ።

ናኦድ ቆመ። ጆሮው እስከ አንገቱ ቀልቷል። ሁለት እጁን አንሥቶ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ጨርቁን ጨመደዱት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቁት። አንድ ጊዜ ተነፈሰ። 

«አዎ» አለ። «አሁን አየሁት። አመሰግናለሁ። አዲስ ጓንት እፈልጋለሁ፤ ቱቦውም ሲደርስ ይቀየር።»

ልደት አዲሱን ጓንት በሁለት እጇ ለጥጣ ያዘችለት፤ እጁን አስገባ። ይኼን ስንት ጊዜ አድርገውታል፤ ሥራ ነው። በዚያ ቀን ግን ጓንቱ ከገባ በኋላም እጁን ለአፍታ እጇ ላይ ተወው። ይኼን ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። አንጀቷን በላት።

የመጨረሻው ስፌት አልቆ መሣሪያው ከተቆጠረ በኋላ ናኦድ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጭምብሉን አወረደ።

«አንዴ ስሙኝ። እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ ሲስተር ልደትን ሰድቤያታለሁ። መሣሪያው ስለተበላሸ የጮኽኩ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የጮኽኩት የሚከለክለኝ ስለሌለ ነው። እሷን አስፈርቼ ዝም አሰኘኋት፤ በእሱ ምክንያት አንዲት በሽተኛ ተጎዳች። ልደት፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሁሉም የቀረውን ጠበቀ። የቀረ ነገር አልነበረም።

«ጠዋት ለምን አላልከውም?» አለች ልደት። አንተ ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው።

«ጠዋት ብለው ቃል ብቻ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ መቻሌን ማየት ነበረብኝ።»

«እኔም ማየት ነበረብኝ» አለች። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ናኦድ።»

ሃያት ከማሽኑ ኋላ «በሉ እንግዲህ፣ ሽማግሌው ሊነቁ ነው፣ ሠርጉን እንዳይሰሙ» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ በፊት ያ ክፍል ውስጥ ሳቅ የሰማ ሰው ካለ ይመስክር። ልደት ጭምብሏን አላወረደችም፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ራሷ ታውቃለች።

*

አርብ ባምቢስ ተቀምጠው ልደት አስቤበታለሁ አለችው። «ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አለች፤ «አሁን አባቴ ለገመቱት ጉዳይ።» ናኦድ ያላዘዘውን ጁስ ሙሉውን ጠጣ። እናቱ ምን እንዳሉ ጠየቀችው። «‹ነርስ› ብለዋል፤ ግን እንደ ጥያቄ አይመስልም» አላት።

እነ ልደት ቤት ያ ሳምንት ያልተለመደ ነበር። አቶ ቀለመወርቅ ብዙ አልተናገሩም። ሐሙስ ዕለት ልደት ከሥራ ስትመለስ የቆርቆሮውን በር ማጠፊያ ዘይት ሲቀቡ አገኘቻቸው። በሩ የሚንጓጓው በማጠፊያው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። «ደኅና ዋልሽ?» አሏት፤ ደኅና አለች፤ ገባች።

እሑድ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ያንኑ ነጭ ለብሰው መጡ። አቶ ቀለመወርቅ በዚህኛው ቀን አልቸኮሉም።

«ኖር። ተቀመጡ።»

«በእግዜር። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፤ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ክፍሉን አቋርጠው፣ ከሐጂና ከአቶ ሃድጉ መካከል በሩ ጋ መጥተው ቆሙ። «የእናንተ ጉዳይ ይደርሳል። ሽማግሌ ቤቴ ድረስ ከመጣ አይቀር፣ የእኔን አስቀድሙልኝ። ሀብትነሽን ለምኑልኝ።»

ሐጂ ዓብዱልፈታሕ ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዞሩ። ወይዘሮ ሀብትነሽ የጠርሙስ መክፈቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«እናንተ ተቀመጡ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ልጄ ከወደደች እኔም ወድጃለሁ።» ከዚያ ወደ አቶ ቀለመወርቅ ዞሩ። «አንተ ግን ትንሽ ቁም። አፍ አለህ አይደል? ራስህ በለኝ።»

ስንት ትውልድ በድምፃቸው ያንቀጠቀጡ አስተማሪ የኮታቸውን ቁልፍ ነካኩ። ጆሯቸው ቀላ። ልደት መጋረጃውን ይዛ ቆማ አየች።

«ሀብቴ» አሉ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ነው የሚሰማው። «አስፈርቼ አኖርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልደት «ግን» እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወዲያው አልመለሱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁ ሴት ጥቂት ቢያስጠብቁ ማን ይፈርድባቸዋል? ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቷ ቆመው፣ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ልደት ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ያደገችው ውስጡ ነው። በዚያን ቀን ግን አልፈራችም፤ ይኼ ራሱ አስለቀሳት።